የሌለንን የምንናገርበት ማክሰኞ

ከባሌ ከጌታሁን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የሱቃችን ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ዕቃ ማውረድ ነበር። በየምሽቱ የምንሠራው ነው። እሱ ጫፉ ላይ የተቆለመመ ሽቦ የታሰረበትን ረጅም ዱላ ይዞ ከላይ ያወርዳል፣ እኔ ከታች እቀበላለሁ። መጀመሪያ ቢጫዎቹ ጀሪካኖች፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ ጆጎች፣ ቀጥሎ የእጅ ባትሪዎቹ፣ መጨረሻ ላይ ከመኪና ጎማ የተሠሩት ጫማዎች። ቅደም ተከተሉ ተለውጦ አያውቅም። ጆጎቹን ሲያወርድ ሁልጊዜ «ያዝሽው?» ይላል፣ እኔም «ይዤዋለሁ» እላለሁ፣ ይህን ካልሰማ አይለቅም። የፕላስቲክ ጆግ ቢወድቅ እንደማይሰበር ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ዕለት ምሽት ዱላውን ወደ አንድ ባዶ ሚስማር ቀና አደረገና «ገመድ ጨርሰናል ለካ» አለ። «አንተ ነህ የመጨረሻውን የሸጥከው» አልኩት። «እንግዲያው ለማክሰኞ አስታውሺኝ» አለኝ። በሩን ዘጋን፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ መንገድ ለመንገድ ስለ ጎረቤታችን ውሻ እያወራን ቤታችን ገባን። በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ለብሶ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉኝ። ማክሰኞ ሳይደርስ ቀበርነው።

የለቅሶውን ነገር ብዙ አልጽፍም። ድንኳኑ ተጣለ፣ ድንኳኑ ተነሳ። ወንድሜ ሲሳይ ከሐዋሳ መጥቶ አርባው እስኪወጣ አብሮኝ ሰነበተ። ደግ ሰው ነው፣ ስለ እኔ ያስባል። አርባው ካለፈ በኋላ ግን ሱቁን የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀመረ፤ አንድ ቀንም አገኘሁ አለኝ። «ልጅሽም እዚያው ሐዋሳ ናት፣ ከእሷ ጋር ትኖሪያለሽ። እዚህ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» አለ። «ሱቅ እነግዳለሁ» አልኩት። «እትዬ፣ አትቀየሚኝ። አንቺ አስተማሪ ነበርሽ። ነጋዴው እሱ ነው። ይህ ሱቅ ማለት አራቱ ግድግዳ መሰለሽ? እሱ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሞያሌ ማን ዘንድ እንደሚሄድ፣ ክብረ መንግሥት ማንን እንደሚጠራ፣ እዚህ ከማን ጋር እንደሚጭን። ያ ሁሉ ከእሱ ጋር ሄዷል።» አልተቀየምኩትም። እኔም ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህንኑ ነበር። ልቤ ወደ መሸጡ አዘንብሎ ነበር ማለት እችላለሁ። ለገዢው መልስ የምሰጥበት ቀን ለረቡዕ ተቀጠረ።

ከዚያ ቀን አስቀድሞ በዋለው የከብት ገበያ፣ አንድ ትልቅ የቦረና ሰው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ጊደር ገዝተዋል፤ ጊደሯን አንድ ዘመዳቸው ወዲያ ማዶ በቀንዷ ይዞ ይጠብቃል። «አካም? ናጋ?» አሉኝ። የከብቱን፣ የልጆቹን፣ የዝናቡን ሰላም ተጠያየቅን። ከዚያ ገመድ ጠየቁኝ። «የለም፣ አባቴ» አልኳቸው። ሰውየው አልሄዱም። እንደ ቀላል ነገር «ታዲያ የት ልሂድ?» አሉ። ከዚህ ሱቅ ደጃፍ የት እንደሚሄድ ሳይነገረው የተመለሰ ሰው አላስታውስም። ጌታሁን ቢኖር ኖሮ ሳያስብ «ወፍጮ ቤቱን አልፈው በስተግራ፣ ጌታሁን ልኮኝ ነው ይበሉ» ይላቸው ነበር። በዚያ ሳምንት ገመድ ማን ዘንድ እንዳለ እኔ አላወቅሁም። የሚታወቀው በነጋዴዎቹ የማክሰኞ ስብሰባ ነው። እኔ ደግሞ ስብሰባው ሄጄ አላውቅም፤ እሱ ሲሄድ ሱቅ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሰውየው ጊደራቸውን በዘመዳቸው ነጠላ አስረው ሲሄዱ እያየሁ ቆየሁ፤ ሐሳቤም ወደ ኋላ፣ ይህ ማክሰኞ የሚባል ነገር ወደተጀመረበት ዘመን ሄደ።

መንግሥት ተለውጦ ነገሩ ገና ያልረጋበት ሰሞን ነበር። ጌታሁን ይሠራበት የነበረው የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ተዘጋ። እሱ ከወሎ በሥራ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ ክብረ መንግሥት የተወለድኩ የፖሊስ ልጅ ነኝ፣ ኦሮምኛ ከአማርኛ እኩል ነው አፌን የፈታሁበት። እዚህ ነጌሌ የተገናኘነው እኔ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ነው። ሥራውን ሲያጣ ያጠራቀምነውን ይዘን ይህችን ሱቅ ከፈትን። ያኔ የነጌሌ ዋና መንገድ አስፋልት አያውቅም። ቀዩ አፈር በጋ በጋ ቅንድባችን ላይ ይቀመጣል፤ ነጭ ነጠላ ለብሶ ገበያ የወጣ ሰው ማታ ሲገባ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከሱቃችን ፊት ለፊት ሁለት ካሴት ቤቶች ነበሩ፣ አንደኛው አማርኛ ዘፈን፣ ሌላኛው ኦሮምኛና ሶማልኛ ይከፍታሉ፣ ተፎካክረው ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት መሐል መንገድ ላይ የቆመ ሰው የትኛውን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። ግመሎች መሐላቸው እያለፉ ይሄዳሉ። ወጣቶቹ ከሞያሌ የመጣ ትልልቅ አበባ ያለበት ሸሚዝ፣ ከታች ሰፊ ቦላሌ ይለብሳሉ። ሻይ በወተት በሳንቲም ነበር። አንድ ቡና ቤት ገብቶ ለስላሳ የጋበዘ ሰው ለሳምንት ይወራለት ነበር። የሱቃችን ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ የልብስ ሳሙና፣ ነጭ ጋዝ፣ አዲስ ላስቲክ። ዛሬ ነጭ ጋዝ የሚገዛ የለም፣ መብራት ሲጠፋ ሰው ስልኩን ነው የሚያበራው፣ ሽታው ግን ከእንጨቱ መደርደሪያ አልወጣም።

የዚያን ጊዜ ነጋዴ አንዱ ሌላውን ይደብቅ ነበር። ሰው መጥቶ የፋኖስ ብርጭቆ ቢጠይቅና ባይኖረን፣ «የለም» አይባልም። «ነገ ይመጣል» ነው የሚባለው። ነገ ሲመጣም «ነገ» ይባላል። ጎረቤት ሱቅ እንዳለ እያወቅን እንኳ ወደዚያ አንልክም፣ ደንበኛችን በዚያው ይቀራል ብለን እንፈራለን። ሰውየው በመጨረሻ ይሰለቸውና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ክብረ መንግሥት ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ ብርጭቆውን ብቻ አይደለም የሚገዛው፣ ሳሙናውንም ስኳሩንም የልጁን ደብተርም ከዚያው ሸምቶ ይመጣል። የከተማው ገበያ በሙሉ እንደዚያ ይፈስ ነበር፣ ሁላችንም ባዶ ሱቃችን ውስጥ ቁጭ ብለን ጎረቤታችንን እንጠረጥራለን።

ይህን ያየው ሰው ኦቦ ጂሎ ናቸው። ጨውና እህል ይነግዳሉ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ መጋዘን ነበራቸው፣ ያኔም ቢሆን ፀጉራቸው ሸብቷል። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ነጋዴውን ሁሉ፣ ቦረናውን፣ ጉጂውን፣ ሶማሌውን፣ ከሰሜን የመጣውን፣ አንድ በአንድ በየሱቁ ሄደው ጠርተው መጋዘናቸው ውስጥ በጨው ጆንያ ላይ አስቀመጡ። ማክሰኞ የሆነው የጭነት መኪናው ረቡዕ ስለሚነሳ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቀረጥ የሚወራ መስሎት ነበር። ኦቦ ጂሎ ግን «ዛሬ እያንዳንዱ ሰው የሌለውን ይናገር» አሉ። አንዱ «ያለንን ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ያለህንማ ሁላችንም እናየዋለን፣ ደጃፍህ ላይ ሰቅለኸዋል። የሌለህን ንገረን» አሉት። ሥርዓቱ ይኸው ነበር። አንዱ «ምስማር የለኝም» ሲል፣ ያለው ሰው «እኔ ዘንድ አለ፣ ወደ እኔ ላክ» ይላል። ማንም ዘንድ ከሌለ ደግሞ ረቡዕ በሚሄደው መኪና በጋራ ይታዘዛል። ከዚያ ውጭ ሌላ ሕግ አልነበረውም።

ጌታሁን ከዚያ ስብሰባ ደስ ብሎት ተመለሰ። «ምን አልክ?» አልኩት። «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም አልኩ» አለኝ። ያደገው እንደዚያ ነው። አባቱ ዝናብ ጠፍቶ ከብት ሲያልቅ እንኳ በሰው ፊት ለሚጠይቃቸው ሰው «ተመስገን» እንጂ ሌላ ቃል ወጥቷቸው የማያውቅ ሰው ነበሩ። በተሰበሰበ ሕዝብ መሐል «ይህ የለኝም፣ ያ ጎደለኝ» ማለት ለጌታሁን ፈጣሪን ማማረር ነው፣ ነውርም ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞም «ተመስገን» አለ። በዚያ በሚቀጥለውም። እኔም ልክ ይመስለኝ ነበር፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ቁጭ ብዬ ጥሩ ጠባይ ያለው ባል አለኝ ብዬ እኮራ ነበር።

ወራት ሄዱ። በአጠገባችን ያሉ ሱቆች ሰው ይገባባቸዋል። «ኦቦ ጂሎ ልከውኝ ነው»፣ «ኑር ልኮኝ ነው» እያለ የሚገባ ሰው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። ወደ እኛ ግን ማንም ሰው አይልክም። ሳሙናው አቧራ ለበሰ። በአንድ ዝናብ ወቅት ከዕቃችን ይልቅ መጠለያነታችን ነው የተፈለገው፤ ሰው ዝናቡን ሊያሳልፍ በራፋችን ላይ ቆሞ፣ ዝናቡ ሲያባራ ወደሌላው ሱቅ ይሻገራል። ጌታሁን ከሳ፣ ቃላቱም አነሱ። አንድ ማታ ምግቡን ገፋ አደረገና «ባዕድ ስለሆንኩ ነው» አለኝ። «ማን ባዕድ አለህ?» «ማንም አላለኝም። ከዝምታቸው ነው የገባኝ።» ወደ አባቴ ቤት፣ ወደ ክብረ መንግሥት ልንሄድ ተመካከርን። ዕቃውን ማሰር ሁሉ ጀምረን ነበር። የሰው ፊት ተለወጠብኝ ብሎ ማሰብ እንዴት ያለ ሕመም እንደሆነ ያኔ ነው የቀመስኩት፤ ሰላምታ የሰጠንን ሁሉ «ይህም አብሯቸው ነው?» ብለን ከኋላው እናየዋለን።

በእነዚያ ቀናት ሐጂ ኑር ሱቃችን ገቡ። ያኔ ሐጂ አልነበሩም፣ ኑር ብቻ ነበሩ፣ ከሞያሌ ጨርቃ ጨርቅ የሚያመጡ፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው የማያርፍ ወጣት። «የፋኖስ ብርጭቆ አለህ?» አሉት ጌታሁንን።

«ነገ ይመጣል» አለ ጌታሁን ልማዱ ሆኖበት።

«ማክሰኞ ዕለት ሁሉ አለኝ ብለህ አልነበር?»

ጌታሁን ፊቱ ቀላ። የከረመው ሁሉ ያኔ ወጣ። «ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲላላክ ወደ እኔ አንድ ሰው ያልላካችሁት ለምንድን ነው? ከሰሜን ስለመጣሁ ነው?»

ኑር ባንኮኒውን ተደግፈው ሳቁ፤ ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም። «አንተ ሰው፣ ምንም አልጎደለብኝም ያልክ አንተ አይደለህ? እኛ ምን እናድርግ? እኔ የሌለኝን ተናግሬ ወደ ጂሎ እልካለሁ፣ ጂሎ የሌላቸውን ተናግረው ወደ እኔ ይልካሉ። አንተ ወደ ማን ልትልክ ነው? ምንም የማይጎድለው ሰው ወደማንም አይልክም። ጠግቦ ያደረ ሰው ነው፣ አናስቸግረው ብለን ነው የተውንህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «እህቴ፣ ምንም የማይጎድለው ሀብታም ማግባትሽን አታውቂም እንዴ?» አሉኝ። ጌታሁን መጀመሪያ ኑርን አየ፣ ካርቶኖቹን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣበት። እዚያው ባንኮኒው ኋላ፣ በታሰሩት ካርቶኖች መሐል ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የጠሉን ሰዎች አልነበሩም። ቃላችንን አምነውን ነው። ከዚያ ቀን የበለጠ ደረቴ ላይ የተጫነ ነገር ሲወርድ ተሰምቶኝ አያውቅም፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ቤት ውስጥ አለማመድኩት። እንደ ተማሪዎቼ ፊቴ አቆምኩት። «በል፣ የፋኖስ ብርጭቆ የለኝም በል» አልኩት። «የፋኖስ ብርጭቆ… ለጊዜው…» «ለጊዜው የሚባል የለም። የለኝም በል።» «አስካለ፣ ያሳፍራል እኮ።» «በል!» አልኩት። ሄደና ተራው ሲደርስ ተናገረ። አንዴ ከጀመረ ግን ማቆም አቃተው። የፋኖስ ብርጭቆ የለኝም፣ ክብሪት የለኝም፣ የልጆች ጫማ የለኝም፣ ሰፌድ የለኝም፣ ወንፊት የለኝም እያለ ቀጠለ። በመጨረሻ ኦቦ ጂሎ እጃቸውን አንስተው «በቃ፣ ልጄ፣ ለሚቀጥለው ማክሰኞም ተወው» አሉት፣ መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ ብሎ ነገረኝ። በማግስቱ እኔ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ አሮጊት ገቡና «ኑር ልኮኝ ነው፣ ጀሪካን አለ ወይ?» አሉኝ። አለ። ጀሪካኑን ከሚስማሩ ላይ አውርጄ አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላቸው። ካርቶኖቹን በዚያው ምሽት ፈታናቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በአሳቤ ውስጥ እንደ አንድ ረጅም ማክሰኞ ነው። ጌታሁን የመጀመሪያውን የሞያሌ ጉዞ ሲሄድ ማንንም አያውቅም ነበር። ኦቦ ጂሎ ያሉት «እዚያ ድረስና የነጌሌ የማክሰኞ ሰው ነኝ በል» ብቻ ነው። ብርድ ልብስና ሽርጥ በጅምላ የሚሸጡ አንድ ሰው ሱቅ ደርሶ ይህንኑ አለ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አዩትና «የሌለህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። ሥርዓቱ ከእሱ ቀድሞ ሞያሌ ደርሶ ነበር። ለምሳም ቤታቸው ወሰዱት፣ ሩዝ በግመል ሥጋ አቀረቡለት። እሱ ግን የክርስቲያን ልጅ ነውና አይበላም፤ አፍሮ ሲያመነታ ሰውየው ገብቷቸው «ይህም የለህም፣ አይደል?» ብለው እንቁላል አስጠበሱለት። ያን እየነገረኝ ሲስቅ ዛሬም ይታየኛል። ከተልተሌ የመጣ አንድ ነጋዴም ለጥቂት ጊዜ ማክሰኞ እየመጣ በጨው ጆንያ ላይ ከእኛ ሰዎች ጋር ተቀመጠና አገሩ ተመልሶ የራሳቸውን አስጀመረ፤ እነሱ ሐሙስ አደረጉት። ጌታሁን አንድ ዕቃ ፈልጎ ክብረ መንግሥት ሲደውል፣ እነሱ ሞያሌ ሲደውሉ፣ ሞያሌዎቹ ተልተሌ ሲጠይቁ፣ ሁሉም በመጨረሻ «ማን ዘንድ እንዳለ ልንገርህ» ይላሉ። ድርቅ በመጣባቸውና መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታት ሱቃችን ያልተዘጋው በዚህ ነው።

ዛሬ የማክሰኞው ስብሰባ ማህበር ሆኖ የራሱ አዳራሽ አለው። ጆንያው ቀርቶ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ሆኗል፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፣ ማኅተም አለ። ወጣት ነጋዴዎቹ ልጆች ቴሌግራም ላይ ቡድን አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ያላቸውን ዕቃ ፎቶ እያነሱ ይለጥፋሉ፣ ስልኬ እያፏጨ አያስተኛኝም። ኦቦ ጂሎ ቡድኑ ውስጥ ልጃቸው አስገብቷቸው ነበር፣ አይተው አይተው «ሁሉም ያለውን ነው የሚሰቅለው፣ ይህማ የድሮው ነው» ብለው ወጡ አሉ። ግን ማክሰኞ ከሰዓት እነዚያው ልጆች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ተራ በተራ የሌላቸውን ይናገራሉ።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ማክሰኞ ደረሰ። ሲሳይ በማግስቱ ከገዢው ጋር ልንገናኝ ወረቀት ሲያሰናዳ ዋለ። ከምሳ በኋላ ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ። «የት ነው?» አለኝ። «ገመድ አልቆብኛል» አልኩት። አልገባውም።

አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ወሬው ሁሉ ቆመ። ሁሉም ተነሱ። ጌታሁን ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጥኩ። በጣም የፈራሁት ይህን ነበር፤ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ለቅሶ ቤት ይቀመጣሉ፣ «አይዞሽ» ይሉኛል፣ የሚዋጣ ያዋጣሉ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ በክብር ይሸኙኛል ብዬ ነበር። የሚያዋጣልኝን ሰው አላጣም ነበር። የምፈልገው እሱን አልነበረም። ተራው እየዞረ መጣ። አንዱ የሲሚንቶ፣ አንዱ የባትሪ ድንጋይ፣ አንዱ የሕፃናት ወተት የለኝም አለ፣ ያለው ሰው «ወደ እኔ» አለ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ከጎኔ ያለችው ልጅ ወደ ኦቦ ጂሎ አየች። ኦቦ ጂሎ አሁን ሸምግለዋል፣ ዱላ ይዘው ነው የሚቀመጡት። ቀስ ብለው «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምን ጎደለሽ አይባልም። ቀጥሉ» አሉ።

ያኔ ሐጂ ኑር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሁን ወፍራም ሽማግሌ ናቸው፣ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። «አንቱ ኦቦ ጂሎ፣ ይህች ሴት እዚህ ድረስ በፀሐይ የመጣችው ልናልፋት ነው? ተራው የጌታሁን ሱቅ ነው። ባሏ ወራት ሙሉ ተመስገን እያለ ጎድቶናል፣ እሷም ልትጀምረን ነው?»

ማንም አልሳቀም፤ ሊስቁ ፈልገው እኔን ነው ያዩት። «ገመድ የለኝም» አልኩ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ልጅ «እኔ ዘንድ አለ፣ ወደ እኔ ይላኩ፣ እትዬ» አለ።

«የአንተ የላስቲክ ነው» አሉት ሐጂ ኑር። «በሬ ይበጥሰዋል። ባለፈው የአክስቴን ልጅ በሬ አስጠፍተሃል።»

«በሬው በላስቲኩ ምክንያት አይደለም የጠፋው፣ ሐጂ፣ የአክስትዎ ልጅ ማሰር አይችልም።»

«የቃጫ ገመድ ነው ለከብት የሚሆነው» አሉ ኦቦ ጂሎ፤ «ክብረ መንግሥት አለ። ረቡዕ በሚሄደው መኪና ይታዘዝላት። እስከዚያ ወደዚህ ልጅ ላኪ፣ ፍየል ለሚያስር ይበቃል።» ከዚያ ስለ ገመድ ተከራከሩ። የትኛው እንደሚበሰብስ፣ የትኛው እጅ እንደሚልጥ፣ የትኛው ለጉድጓድ ውኃ እንደሚሆን፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ ሁለቱን ቀላቅሎ። እኔን ረሱኝ። ተራው ወደ ጎኔ ልጅ አለፈ፣ የለኝም አለች፣ ጀሪካን። እኔ ሳላስብ «ወደ እኔ ላኪ» አልኩ። ልጅቱ «እሺ» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

እንደዚያ ነበር። ማንም አላለቀሰልኝም። ጌታሁን የሚያውቃቸው ሰዎች ከእሱ ጋር አልሄዱም ነበር፤ እዚያው በሰማያዊ ወንበር ላይ ስለ ገመድ ይጨቃጨቁ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ ላይ ቆሜ ተነፈስኩ። ያንን ትንፋሽ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይዤው የቆየሁ ይመስለኛል። ሲሳይን «ገዢውን አስቀርልኝ» አልኩት። ተከራከረኝ፣ ተቆጣኝ፣ ከዚያ በማግስቱ ከሰዓት በፊት ሱቅ ውስጥ አብሮኝ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ሴት ገባችና «ከአዳራሹ በታች ያለችው ልጅ ልካኝ ነው፣ ጀሪካን አላችሁ?» አለች። ቀጥሎ አንድ ሰው ገመድ ፈልጎ መጣ፣ እኔም የት እንደሚሄድ ነገርኩት። ሲሳይ ያሰናዳውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቅዳሜ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ ሻንጣውን ይዤ እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። «እዚህ ያለ ነጋዴ ብሆን ወደ አንቺ ሰው እልክ ነበር» አለኝ፤ ለእሱ ትልቅ ንግግር ነው።

ሐዘኔ አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ጫማው አልጋው ሥር ሳየው አሁንም ቆሜ እቀራለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ይህን ለመጻፍም ብዙ ምሽት ወስዶብኛል።

ገመዱ ከክብረ መንግሥት መጥቶ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። የጊደሯ ባለቤት ተመልሰው መጥተው ገዙኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ አዳራሽ እሄዳለሁ፣ የሌለኝን እናገራለሁ። ከደጃፉ በላይ የተወጠረውን የመስቀያ ሽቦ አናጢ ጠርቼ ዝቅ አስደርጌዋለሁ፤ ምሽት ላይ ዕቃውን ብቻዬን አወርዳለሁ።